ድህነት ቅነሳ ወይስ ጥያቄ ቅነሳ?

የማላዊ መንግሥት ብሔራዊ የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂውን ጽፎ የጨረሰው በሚያዝያ 2002 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰነዱ ዳጎስ ያለ ነው፤ አራት ዓምዶች አሉት፤ ከዓምዶቹ ሥር ግቦች፣ ከግቦቹ ሥር ደግሞ ሠንጠረዦች ተደርድረዋል። ሰነዱ ከመውጣቱ ሁለት ወር አስቀድሞ፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ፕሬዚዳንት ባኪሊ ሙሉዚ በአገሪቱ ላይ የረሀብ አደጋ መድረሱን በይፋ አውጀው ነበር። በዋና ከተማው ስለ «ድሃ ተኮር ዕድገት» ረቂቅ እየተቀባ ሲጻፍ ገበሬው የሚቀቅለው የዱር ሥራሥር ይፈልግ ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ እህሉ የት ሄደ? ማላዊ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ከ160 ሺህ ቶን በላይ በቆሎ ነበራት። እህሉን የገዛው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ያገኘው ከባንክ በከፍተኛ ወለድ ተበድሮ ነው። አይ.ኤም.ኤፍ.ና ሌሎች አበዳሪዎች «ይህ ሁሉ ክምችት ምን ያደርጋል? ከፊሉን ሽጡና ዕዳችሁን ክፈሉ» የሚል ምክር ሰጡ። መንግሥት ደግሞ ከፊሉን ሳይሆን ሁሉንም ሸጠ። በቆሎው ለባለ ሥልጣን በሚቀርቡ ነጋዴዎች እጅ ገብቶ ዋጋው ሰማይ ከነካ በኋላ ተመልሶ ለድሃው መሸጡን አገሬው ሁሉ ሲያወራው የኖረ ጉዳይ ነው። ረሀቡ ስንት ሰው እንደ ፈጀ ዛሬም አልተቆረጠም፤ ከመቶዎች እስከ ሺህዎች የሚለያይ ግምት ይሰጣል። አበዳሪዎቹ «ሁሉንም ሽጡ አላልንም» አሉ፤ መንግሥት «ምክራቸውን ሰምተን ነው» አለ። እህሉ ሲሸጥ የእርሻ ሚኒስትር የነበሩት ሰው በዚያው ዓመት ከሥልጣን ተነሡ። ሲነሡ የያዙት ወንበር የምን ይመስልዎታል? የድህነት ማቃለያ ሚኒስትርነት!

ይህን የማነሣው በማላዊ ለመሳለቅ አይደለም። የማላዊ ገበሬ ከኛ ገበሬ በምን ይለያል? የማነሣው አንድ ነገር ለማለት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በደቡባዊ አፍሪካ «ብሔራዊ የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ» እየተባለ የተጻፈው ሰነድ ሁሉ ድሃውን ብዙ ነገር ጠይቆታል፤ ድሃው ራሱ የሚጠይቀውን ዋና ጥያቄ ግን ከገጹ አውጥቶ ጥሎታል። እህሉን ማን ሸጠው? መዳቡን ማን ወሰደው? ፋብሪካው ለምን ተዘጋ? ብድሩን ማን ፈረመ? እነዚህ ጥያቄዎች ከሰነዱ ውጭ ቀሩ። ድህነት እንደ ወባ ትንኝ ከረግረግ ተነሥቶ የመጣ ይመስል፣ ማን እንዳመጣው ሳይነገር እንዴት እንደሚቀነስ ብቻ ተጻፈ።

የነገሩን አመጣጥ ባጭሩ ላስታውስ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የዓለም ባንክና አይ.ኤም.ኤፍ. በመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም ስማቸው ጠፍቶ ነበር። «ድጎማ አንሡ፣ ድርጅት ሽጡ፣ ሠራተኛ ቀንሱ» የሚለው ትእዛዝ ከሉሳካ እስከ ማፑቶ ድንጋይ አስወርውሯል። የዕዳ ስረዛ ጠያቂውም ድምፅ በየአገሩ እየበረታ ሄደ። በመስከረም 1999 ሁለቱ ተቋማት አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ዕዳው እንዲቀነስለት የሚፈልግ እጅግ ባለዕዳ አገር ከእንግዲህ የራሱን የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ ይጽፋል፤ ሲጽፍም ሕዝቡን ያማክራል፤ ሰነዱም የአገሩ «ባለቤትነት» ያለበት ይሆናል ተባለ። አይ.ኤም.ኤፍ.ም የቀድሞውን የማስተካከያ ብድሩን ስም ለውጦ «የድህነት ቅነሳና የዕድገት» ብድር አለው። ስም ማውጣትስ ያውቁበታል።

ባለቤትነቱ ግን ምን ዓይነት ባለቤትነት እንደ ነበር ልብ ይበሉ። አገሩ ሰነዱን ይጽፋል፤ ከዚያ ሰነዱ ዋሽንግተን ሄዶ በሁለቱ ተቋማት ቦርድ ፊት ይቀርባል፤ ቦርዱ ለብድርና ለዕዳ ቅነሳ የሚበቃ መሠረት ነው ሲል ገንዘቡ ይለቀቃል። የገዛ ቤቴን ፕላን እኔ እንድነድፍ ተፈቅዶልኝ፣ ነገር ግን አራጣ አበዳሪዬ ካልወደደው ሲሚንቶ የማላገኝ ከሆነ፣ የምነድፈው ለኔ የሚመቸኝን ቤት ነው ወይስ እሱ የሚወደውን? የየአገሩ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ሞኞች አይደሉም። ዋሽንግተን ምን ማንበብ እንደምትወድ ያውቃሉ፤ እሱኑ ጻፉላት። በሞዛምቢክማ የመጀመሪያው ሰነድ፣ «ፓርፓ» የሚሉት፣ በ2001 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቆ ነው የሄደው። የሕዝብ ተወካዮች የተባሉት የተቀመጡበት ፓርላማ ማኅተም አላስፈለገውም።

ምክክሩስ? ምክክር ነበር፤ አልክድም። በዛምቢያ በ2000 የተቋቋመው የሲቪክ ማኅበራት ኅብረት በየክፍለ ሀገሩ ዞሮ ሕዝብ አነጋግሯል፤ የራሱንም ሰነድ አዘጋጅቶ ለመንግሥት አቅርቧል። በማላዊም የኢኮኖሚ ፍትሕ መረብ የተባለው ስብስብ በዚያው ዘመን ተወልዶ የበጀት ወረቀት እያገላበጠ መንግሥትን መጠየቅ ጀምሯል። እነዚህ ቁም ነገረኛ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የተጋበዙበትን ገበታ እንመልከት። ስለ ትምህርት ቤት ተናገሩ ተባሉ፤ ስለ ጤና ጣቢያ፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ገጠር መንገድ ተናገሩ ተባሉ። ስለ ምንዛሪ፣ ስለ በጀት ጉድለት ጣሪያ፣ ስለ ድርጅቶች ሽያጭ፣ ስለ ማዕድን ግብር የሚወራበት ክፍል በር ግን ዝግ ነበር። እዚያ የሚገቡት የገንዘብ ሚኒስቴርና የአይ.ኤም.ኤፍ. ልዑካን ናቸው። ድሃው የወጪውን ዝርዝር እንዲጽፍ ተፈቀደለት፤ ገቢው የማን እንደሆነ እንዲጠይቅ ግን አልተፈቀደለትም።

(በነጻ የሚሠራ ጸሐፊ የወርክሾፕ ቃለ ጉባኤ ሳያጠናቅር እንጀራ አይበላምና የወርክሾፕን ጠባይ ጥቂት አውቃለሁ። በየጠረጴዛው ፍሊፕ ቻርት ይሰጣል፤ ተሳታፊው ችግሩን በባለ ቀለም ካርድ ይጽፋል፤ ካርዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። «መሬቴን ቀሙኝ» ብሎ የጻፈው ሰው ካርድ ከሰዓት በኋላ «የመሬት አስተዳደር አቅም ማነስ» በሚል ርእስ ሥር ተመድቦ ይገኛል። ቀሚው በምሳ ሰዓት ጠፋ ማለት ነው።)

አሁን ወደ መዳቡ ልምጣ፤ ነገሩ እዚያ ነው ያለው። ዛምቢያ በመዳብ ላይ የተቀመጠች አገር ናት። መንግሥት በአበዳሪዎች ግፊት ዜድ.ሲ.ሲ.ኤም. የተባለውን የመንግሥት የማዕድን ኩባንያ ከፋፍሎ ከ1997 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ሸጠው። ከገዢዎቹ ጋር የተፈረሙት ውሎች «የልማት ስምምነት» ይባላሉ፤ ልማቱ የማን እንደሆነ ስሙ አይናገርም። ሕጉ ለማዕድን 3 በመቶ ሮያሊቲ ይክፈል እያለ በውሎቹ ውስጥ የተጻፈው 0.6 በመቶ ነበር። ዜሮ ነጥብ ስድስት! ከመቶ ብር መዳብ ስድሳ ሳንቲም ማለት ነው። የግብር ሁኔታው ለረጅም ዓመታት እንዳይለወጥም በውል ታሰረ። ውሉም ለሕዝብ አልታየም፤ ሰው እጅ የገባው ከዓመታት በኋላ ሾልኮ ወጥቶ ነው። ከማዕድኖቹ ትልቁ ኮንኮላ፣ የመጀመሪያው ገዢ ጥሎት ከወጣ በኋላ፣ በ2004 ግማሹን የሚያልፈው ድርሻ ለቬዳንታ ኩባንያ በ25 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ።

ያኔ መዳብ ርካሽ ነበር፤ በ2002 አንድ ቶን 1,600 ዶላር አካባቢ ያወጣ ነበር። «ከስሮ የሚሠራ ማዕድን ማን ይገዛል? ያገኘነውን እንቀበል» የሚለው ክርክር ያን ጊዜ ትርጉም ነበረው እንበል። በ2006 ግን የአንድ ቶን ዋጋ ከ6,000 ዶላር በላይ ሆነ። ኩባንያዎቹ ያው በ0.6 በመቶ ቀጠሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

እንግዲህ የዛምቢያን የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ ዘመን፣ ከ2002 እስከ 2004 ያለውን፣ ከዚህ ውል ጎን አስቀምጡት። በነዚያው ዓመታት መንግሥት ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ተደራድሮ የደመወዝና የቤት አበል ጭማሪ ሰጠ፤ በጀቱም ከታሰበው ጣሪያ አለፈ። አይ.ኤም.ኤፍ. ፕሮግራሙን አቆመ፤ በ2003 መጨረሻ ይጠበቅ የነበረው የዕዳ ስረዛ ተገፋ። የመንግሥት ደመወዝ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 8 በመቶ እንዳይበልጥ ተባለ፤ ደመወዝም ቅጥርም ታገደ። በ2004 በሺህ የሚቆጠሩ የሠለጠኑ መምህራን ሥራ አጥተው ቤታቸው ተቀመጡ። ከሁለት ዓመት በፊት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ ስለ ሆነ ልጆች ክፍሉን አጨናንቀውታል፤ አስተማሪው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሞ ያያቸዋል! ሰነዱ «የመምህራን እጥረት» ሲል የጻፈው ይህን ነው። እጥረቱ የመምህራን አልነበረም። የደመወዝ ጣሪያ የሚተክል ሲገኝ የኩባንያ ትርፍ ላይ ወለል የሚያነጥፍ ጠፋ።

ሌላም ልጨምር። በ2002 መጨረሻ የዛምቢያ ፓርላማ ብሔራዊ የንግድ ባንኩ እንዳይሸጥ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ባንኩ በገጠር ቅርንጫፍ ያለው እሱ ነበርና የሕዝብ ተወካዮቹ ያሰቡት የገጠሩን ደንበኛ ነው። ወዲያው «ባንኩ ካልተሸጠ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚያህል የዕዳ ቅነሳ ሊያመልጣችሁ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰማ። በ2007 ባንኩ 49 በመቶ ድርሻው ለሆላንዱ ራቦባንክ ተሸጠ። ሕዝቡ በወርክሾፕ ካርድ ሲጽፍ «ተሳትፎ» ይባላል፤ የመረጠው ፓርላማ ድምፅ ሰጥቶ ሲወስን ግን «የፕሮግራም መዛባት» ይሆናል።

«የዕዳ ስረዛው ጥቅም አልነበረውም ልትል ነው?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ነበረው። ዛምቢያ በ2005 የስረዛውን ደጃፍ ስታልፍ፣ በ2006 ደግሞ ተጨማሪ ሲሰረዝላት፣ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የተጠጋ የውጭ ዕዳዋ ወደ ግማሽ ቢሊዮን አካባቢ ወረደ። በሚያዝያ 2006 የገጠር ጤና ጣቢያ የሕክምና ክፍያ ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዲት እናት ሳንቲም ሳትቆጥር ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ገባች። ግን ይህን ያመጣው ከትከሻ የወረደው ዕዳ ነው ወይስ ዕዳው እንዲወርድ የተጻፈው ወረቀት? የመፍቻ ቁልፉን ከወረቀቱ ጋር አስረው ስለሰጡን ወረቀቱን ማመስገን አለብን?

ሰነዱ ያልጠየቀውን ጥያቄ መራጩ ጠየቀው። በ2006 ማይክል ሳታ የተባለው አፈኛ ፖለቲከኛ «የዛምቢያ ሀብት ለዛምቢያውያን» እያለ ተነሥቶ፣ በአገር አቀፍ ቢሸነፍም፣ በሉሳካና በመዳብ ቀበቶ ከተሞች አሸነፈ። የባለቤትነት ሰነድ በእጁ የያዘው የሙዋናዋሳ መንግሥት ደንገጥ አለ። በ2008 ውሎቹን ሽሮ ሮያሊቲውን ወደ 3 በመቶ አወጣ፤ ዋጋ ከመጠን በላይ ሲያሻቅብ የሚከፈል ልዩ ግብርም ደነገገ። ሙዋናዋሳ በዚያው ዓመት ሞቱ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ቀውስ የመዳብ ዋጋ ሲጥል ተተኪያቸው ሩፒያ ባንዳ ልዩ ግብሩን በ2009 አነሡት። ዋጋው ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ወጣ፤ ግብሩ ግን አልተመለሰም። ሳታ በ2011 በምርጫ ሥልጣን ያዘ። መዳቡን በወጉ ከመገበር ይልቅ ግን ሌላ መንገድ ቀለለው። አገሪቱ በ2012፣ በ2014ና በ2015 በድምሩ 3 ቢሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ ሸጠች። በኅዳር 2020 መክፈል አቃታት። በ2015 ከሕዝቡ 54.4 በመቶ የነበረው ድሃ በ2022 ወደ 60 በመቶ ወጣ፤ በገጠሩ 78.8 በመቶ ነው። በመካከሉ ስንት ስትራቴጂ፣ ስንት ብሔራዊ የልማት ዕቅድ እንደ ተመረቀ ይቁጠሩት።

የሞዛምቢክ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ሞዛምቢክ የለጋሾች ምርጥ ተማሪ ነበረች። ተማሪዋ ጎበዝ ከመባሏ በፊት የካሹ ፋብሪካዎች ነበሯት። በ1995 የዓለም ባንክ ጥሬው ካሹ በነጻ ወደ ውጭ ይላክ፣ ገበሬው የተሻለ ዋጋ ያገኛል ብሎ አስገደደ። ጥሬው ወደ ህንድ ተጫነ፤ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ከሥራ ወጡ። ገበሬው አገኘዋለሁ ያለው ጭማሪ ደግሞ አብዛኛው ነጋዴው ኪስ ቀረ። ፓርላማው በ1999 ተነሥቶ የጥሬ ካሹ መላኪያ ቀረጥ ከፍ እንዲል ወሰነ፤ ባንኩም ኋላ ላይ ለሰስ አለ፤ ፋብሪካው ግን ዝጎ ነበር። «ፓርፓ» የተጻፈው እንግዲህ እነዚህ ሴቶች ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። ሰነዱ ለሴቶች የሥራ ዕድል መፍጠርን በግብነት ቢያስቀምጥ አይደንቅም።

ቁጥሮቹ መጀመሪያ ላይ አማሩ። ከጦርነቱ ማግስት በ1996/97 ከመቶ 69.4 የነበረው ድሃ በ2002/03 54.1 ሆነ። ለጋሾች አጨበጨቡ፤ የበጀቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍን ገንዘብ ማፍሰሱን ቀጠሉ። ሁለተኛው «ፓርፓ» ወጣ፤ ኢኮኖሚው በየዓመቱ ሰባት በመቶ ገደማ አደገ። ከዚያ በ2008/09 ሲለካ ድሃው 54.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሙሉ የስትራቴጂ ዘመን፣ ያን ያህል ዕድገት፣ ያን ያህል የለጋሽ ገንዘብ፤ ድህነቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ውጤቱ በታወቀበት ዓመት፣ በመስከረም 2010፣ መንግሥት የዳቦ ዋጋ ጨመረ። የማፑቶ ድሃ በሞባይል መልእክት ተጠራርቶ አደባባይ ወጣ፤ ጎማ አቃጠለ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ ከአሥር ያላነሰ ሰው ሞተ። መንግሥት በሳምንት ጊዜ ውስጥ የዳቦውን ዋጋ መለሰው። ሁለት «ፓርፓ»ዎች በዘጠኝ ዓመት ካገኙት ጆሮ ይልቅ ሦስት ቀን የተቃጠለው ጎማ ያገኘው ጆሮ በለጠ። ይህን ስጽፍ ሁከትን ማወደሴ አይደለም፤ የሆነውን መናገሬ ነው።

ምርጧ ተማሪ ኋላ ምን እንዳደረገችም ይታወቃል። በ2013ና በ2014 ሦስት ከመንግሥት ጋር የተያያዙ ኩባንያዎች፣ ቱና ለማጥመድና ባሕር ለመጠበቅ በሚል፣ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደሩ። መንግሥት ዋስ ሆነ፤ ፓርላማው አያውቅም፤ አብዛኛው ዕዳ እስከ 2016 ተደብቆ ቆየ። በለጋሾች ፊት የበጀት ሠንጠረዥ ይዘው ዓመት በዓመት ይቀመጡ የነበሩት የገንዘብ ሚኒስትር ማኑኤል ቻንግ በነሐሴ 2024 ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ለጋሾቹ ከ2016 ጀምሮ ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን አቋረጡ። ጎበዝ! በየዓመቱ በጋራ ግምገማ ያን ሁሉ አመልካች እየቆጠሩ፣ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ስንት ወንበር ተሠራ እያሉ፣ ሁለት ቢሊዮን ዶላር በአጠገባቸው ሲያልፍ አላዩም። ለድሃ ቆጠራ የተሠራ መነጽር ሀብታሙን አያሳይም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ምንም የሠራ ነገር የለም?» ተብዬ እንዳልጠየቅ፣ ያለውን ልናገር። አለ፤ ግን አመጣጡን ተመልከቱ።

ወደ ማላዊ ልመለስ። ለጋሾች ለገበሬ ማዳበሪያ መደጎም ገበያ ያበላሻል ብለው በ1990ዎቹ አስቁመው ነበር። በ1998 ለሁሉም አነስተኛ ገበሬ የጥቂት ማሳ ዘርና ማዳበሪያ በነጻ የሚያድል ፕሮግራም ተጀመረ፤ ምርቱ ጥሩ ሆነ። ከዚያ «ለድሃው ድሃ ብቻ ይሁን» ተባለና ከ2000 ጀምሮ ተቆራረሰ፤ ረሀቡ ተከተለ። በ2004 ምርጫ ማዳበሪያ በርካሽ እሰጣለሁ የማይል ፓርቲ አልነበረም፤ መራጩ ያንን ብቻ ነበር የሚሰማው። በ2005 ሌላ መጥፎ ምርት መጣ። ተቃዋሚዎች በበዙበት ፓርላማ ግፊት የቢንጉ ዋ ሙታሪካ መንግሥት ትልልቆቹ ለጋሾች ፊት እያዞሩበት በራሱ በጀት የማዳበሪያ ኩፖን ማደል ጀመረ። በ2005 1.2 ሚሊዮን ቶን የነበረው የበቆሎ ምርት በተከታዩ ዓመት፣ በመንግሥት ቁጥር፣ 2.6 ሚሊዮን ደረሰ። በ2007 ማላዊ ለዚምባብዌ እህል ሸጠች። ቁጥሩ ተጋኗል የሚሉ አሉ፤ ዝናቡም ረድቷል። ነገር ግን ረሀቡ አልተደገመም፤ በ2009 ምርጫም ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ድምፁን ለቢንጉ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ያ ፊቱን ያዞረ ለጋሽ ሁሉ የሥራው አጋር ነኝ እያለ መጣ።

ኩፖኑም ቢሆን መልአክ አልነበረም። ወጪው አብጦ በአንድ ዓመት የበጀቱን አንድ ስድስተኛ እስኪውጥ ደረሰ፤ የማዳበሪያ አቅራቢዎች ጨረታ የፖለቲካ ወዳጅ ማበልጸጊያ ሆነ፤ ኩፖኑ በየቀበሌው ሹም እጅ ይጠፋ ጀመር። ቢንጉም ከድሉ በኋላ ጆሮአቸው ደነደነ፤ በሐምሌ 2011 በነዳጅና በምንዛሪ እጦት የተማረረ ሕዝብ ሰልፍ ሲወጣ ወደ ሃያ የሚጠጋ ሰው ተገደለ። የገጠሩ ድህነት በ2004/05 55.9 በመቶ ነበር፤ በ2010/11 56.6። በቆሎ ጠግቦ ማደር ከድህነት መውጣት አይደለም፤ መራብ ግን ከሁሉ የከፋ መሆኑን የተራበ ያውቀዋል።

ሌሶቶን እንይ፤ በደቡብ አፍሪካ ሆድ ውስጥ ያለች ትንሽ ተራራማ አገር። በ2004 ሰባ ዓመት ለሞላው ዜጋ ሁሉ በወር 150 ማሎቲ ጡረታ መክፈል ጀመረች። ለጋሽ አላመጣውም፤ ገንዘቡ ከራሷ ግምጃ ቤት ነው። ድሃ ነህ ወይስ አይደለህም ብሎ የሚመረምር ኮሚቴ የለም፤ ዕድሜህ ሞልቷል? ውሰድ። በ2007 ምርጫ የጡረታው መጠን መከራከሪያ ሆነ፤ ወደ 200 አደገ። ልጆቻቸው በኤይድስ አልቀውባቸው የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶች በሚበዙበት አገር ይህ የአሮጊት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የልጆች ደብተርና ዱቄት ነው። ደቡብ አፍሪካም በ1998 ለሕፃናት አሳዳጊ የጀመረችው ትንሽ ክፍያ ዛሬ ከ13 ሚሊዮን ላላነሱ ልጆች ይደርሳል። ደቡብ አፍሪካ ለዋሽንግተን የሚቀርብ የድህነት ቅነሳ ሰነድ ጽፋ አታውቅም፤ የዕዳ ስረዛ ጠያቂ አልነበረችምና። ሥራ አጥነቷና የሀብት ልዩነቷ ግን ዓለምን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ እሷንም አርአያ አድርጌ አላቀርብም። የምለው አንድ ነው። ማዳበሪያውም፣ ጡረታውም፣ የልጆቹ ገንዘብም የመጡት ድምፅ እንዳያጡ በፈሩ ፖለቲከኞች እጅ ነው። ባለሙያዎቹ «ሕዝባዊነት» እያሉ የሚያጥላሉት ያንኑ ነገር ነው።

የኛ አገር አንባቢ «ይህ የደቡቦቹ ጣጣ ነው» ብሎ ገጹን እንዳይገለብጥ። ኢትዮጵያም በዚያው በ2002 የዘላቂ ልማትና የድህነት ቅነሳ ፕሮግራም የተባለ ሰነዷን ይዛ ያንኑ ደጅ ጠንታ በ2004 ዕዳ ተቀንሶላታል። በ2021 መጀመሪያ በቡድን 20 አዲስ የዕዳ ማሸጋሸጊያ ማዕቀፍ በር ላይ ተሰልፈው ከተገኙት የመጀመሪያዎቹ ሦስት አገሮች ሁለቱ ዛምቢያና ኢትዮጵያ ናቸው፤ ሦስተኛዋ ቻድ። እኛም በታኅሣሥ 2023 የቦንድ ወለድ ሳንከፍል ቀረን። ስለዚህ ዛምቢያ የቆመችበት ወረፋ ላይ ነን፤ እሷ ትንሽ ቀድማን ገብታ ወጥታለች።

ይዛው የወጣችውንም ውል ማየት ይጠቅማል። ከመንግሥታት አበዳሪዎቿ ጋር በሰኔ 2023፣ ከቦንድ ባለቤቶቹ ጋር ደግሞ በ2024 ተስማማች። ከቦንዶቹ በአንደኛው ላይ የተጻፈ አንቀጽ አለ። የዛምቢያ ኢኮኖሚ ከታሰበው በላይ ካገገመ ለቦንድ ባለቤቶቹ የሚከፈለው ይጨምራል፤ የሚከፈልበትም ጊዜ ይፈጥናል። መንግሥት በበኩሉ የመዳቡን ምርት በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ አቅዷል፤ ማገገሙ ከመጣ የሚመጣው ከዚያ ነው። መልካም ዘመን ሲመጣ የማን ድርሻ በስንት እንደሚጨምር ጠበቆቹ እስከ ነጥቡ ቆጥረው አስቀምጠውታል። ለገጠሩ 78.8 በመቶ እንዲህ ያለ አንቀጽ የጻፈለት ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።